ሪቻርድ አለን፦ ሕንፃውን ትቶ እምነቱን ያልተወ አገልጋይ

በገዛ ወንድሞቹ የተገፋ ክርስቲያን ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። በፊላዴልፊያ የምትገኘውን የቤቴል ቤተ ክርስቲያን የመሠረተው የሪቻርድ አለን ሕይወት ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለን በ1760 በአሜሪካ በባርነት ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከነቤተሰቡ በደላዌር ለሚኖር አንድ ገበሬ ተሸጠ። ይህም ሰው ቆይቶ የአለንን እናትና አንዳንድ ወንድሞቹንና እህቶቹን ለሌላ ሸጠ። አለን በ17 ዓመቱ ገደማ የሜቶዲስት ሰባኪዎችን ሰምቶ ጌታን ተቀበለ። ከዳነ በኋላ እርሱና ወንድሙ ከቀድሞው ይልቅ ተግተው ሠሩ፤ ሃይማኖት አገልጋይን ያሰንፋል የሚሉ ሰዎች ምክንያት እንዳያገኙ ነበር። አሳዳሪያቸውም ሰባኪዎች በቤቱ እንዲሰብኩ ፈቀደ። ፍሪቦርን ጋሬትሰን የሰበከው ቃል ልቡን ነካውና ሰውን ባሪያ አድርጎ መያዝ እንደማይገባ ተረዳ፤ ነጻነታቸውን በገንዘብ እንዲገዙም ፈቀደላቸው። አለን እንጨት እየፈለጠ፣ ጡብ እየሠራ፣ ጨው በጋሪ እያመላለሰ ዋጋውን ከፍሎ በ1783 ነጻ ወጣ።

በ1786 በፊላዴልፊያ ቅዱስ ጊዮርጊስ በተባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንዲሰብክ ተጠራ። ብዙም ሳይቆይ 42 ጥቁር አማኞች ያሉት ኅብረት አቋቋመ። ቁጥራቸው ሲጨምር ግን የመቀመጫ ቦታቸው ይገፋ ጀመር። አንድ እሑድ ተንበርክከው ሲጸልዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ባለአደራዎች አንዱ የአለንን ጓደኛ አቤሴሎም ጆንስን ከጉልበቱ ሊያስነሣው ጎተተው። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲታገሡት ቢለምንም አልሰሙትም። ጸሎቱ ሲያበቃ ጥቁሮቹ ምዕመናን በአንድነት ወጡ። ለዚያ ሕንፃ ማደሻ ከኪሳቸው አዋጥተው እንደ ነበር ልብ በሉ!

ከወጡት መካከል አብዛኞቹ ከሜቶዲስቶች ጨርሶ ለመለየት ወሰኑ። አለን ግን አልተስማማም። ወንጌልን መጀመሪያ ያመጡለት ሜቶዲስቶች እንደ ሆኑ አልረሳም፤ ያልተማረው ሕዝብ የሚረዳው ግልጽ ስብከትም ከእነርሱ ዘንድ እንዳለ ያምን ነበር። የበደሉትን ሰዎች ከተቀበለው እምነት ለይቶ አየ።

በ1793 ቢጫ ወባ በከተማይቱ 5,000 ያህል ሰዎችን ሲፈጅ አለንና ጆንስ ጥቁሮችን አስተባብረው በሽተኞችን አስታመሙ፣ ሙታንን ቀበሩ። ፊት የነሷቸውን ሰዎች ሳይቀር አገለገሉ።

በ1794 አለን የገዛውን አሮጌ የአንጥረኛ ቤት በፈረሶች አስጎትቶ ወደ ቦታው አመጣና ለአምልኮ አዘጋጀ። ጳጳሱ ፍራንሲስ አስበሪ መርቆ ከፈተው፤ ስሙም ቤቴል ተባለ። በቤቴል የክርስቶስ ሞት ለሰው ሁሉ እንደ ሆነ፣ ዳግም መወለድና የቅድስና ኑሮም እንደሚያስፈልግ ይሰበክ ነበር። አባል መሆን ስምን መዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ አልነበረም። እንደ ሜቶዲስት ሥርዓት አባላቱ በትናንሽ ቡድኖች እየተሰበሰቡ ስለ ነፍሳቸው ሁኔታ ይጠያየቁ ነበር።

ፈተናው ግን አላበቃም። የሜቶዲስት መሪዎች ሕንፃውንና መድረኩን እናዝዛለን ስላሉ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1816 ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከተለያዩ ከተሞች የመጡ ጥቁር ሜቶዲስቶች ተሰብስበው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። አለንም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። የሜቶዲስትን ስምና ትምህርት እንደያዙ ቀጠሉ።

አለን በ1831 ወደ ጌታ ሄደ። መቃብሩ ዛሬም በቤቴል ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። ሕንፃው ተለዋውጧል፤ ቦታው ግን ያው ነው። እርሱ የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን ወደ አፍሪካም ደርሳለች፤ በ1892 በደቡብ አፍሪካ የተቋቋመችውና ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ከሚናገረው መዝሙር ስሟን የወሰደችው «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» በ1896 ተቀላቅላታለች።

ወገኖቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስለ መውጣት የምታስቡ ካላችሁ ከአለን ሁለት ነገር ተማሩ። በደልን በደል ማለት ኃጢአት አይደለም። ሆኖም ሰው ስለ ጎዳችሁ ያዳናችሁን ወንጌልና ጎረቤታችሁን መውደድን አትተዉ። ጌታ ይባርካችሁ!