በመተማ የወደቁት ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 4ኛና የጎጃም ኀዘን

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በአምበር በኩል ያልፋል። አገሩ ደጋ፣ ምድሩ የእህል ምድር ነው። በዚህ አገር ቆሞ ስለ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 4ኛ የሚጽፍ ሰው ብዕሩን በጥንቃቄ ሊይዝ ይገባዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው በጦር ሜዳ የወደቁ ጀግና ሲሆኑ፣ ከመውደቃቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ ሠራዊታቸው ጎጃምን አጥፍቶ ነበርና። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መሸሸግ ታሪክ መጻፍ አይባልም።

ዓፄ ዮሐንስ አስቀድሞ ደጃዝማች ካሣ ይባሉ ነበር፤ አባታቸውም የተንቤን ሹም የነበሩት ምርጫ ናቸው። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ገና ዘውዱ በራሳቸው ላይ ሳይጸና የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ከምጽዋ በኩል ጦር ሰደደባቸው። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት የካቲት ሲያልቅም በጉራ ያን ጦር ድል አደረጉት። በግብጽ ሠራዊት ውስጥ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የወጡ መኮንኖች እንኳ ሳይቀሩ ነበሩበት፤ ነገር ግን መድፉም ትምህርቱም አላዳናቸውም።

ለቤተ ክርስቲያን የሠሩት ሥራ ብዙ ቢሆንም ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አስቀድሞ ለኢትዮጵያ ሁሉ የሚላከው ጳጳስ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱ ባረፈ ጊዜም ሌላው እስኪመጣ ድረስ ቅስናና ዲቁና የሚሰጥ ይታጣ ነበር። ዓፄ ዮሐንስ ግን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአባ ቄርሎስ 5ኛ ዘንድ አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ፤ እነርሱም አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ ናቸው። ከእነዚህ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተሰጡ። ሁለተኛውም በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ማስጀመራቸው ነው፤ እርሳቸው ሳያዩት ሕንጻው በዓፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሠርተው የተዋሕዶን ሃይማኖት ማጽናታቸውም የሚመሰገን ነው፤ ከዚያ በኋላ የወሎን እስላሞች በአዋጅ ለማጥመቅ መነሣታቸውን ግን እኛ ልናመሰግነው አንችልም፤ ሐዋርያት በስብከት እንጂ በአዋጅ አላጠመቁምና።

ከጎጃም ጋር የነበራቸው ነገር በፍቅር የተጀመረ ነው። በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃምና በከፋ ላይ አነገሡአቸው። የቀድሞዋ መንቆረር ደብረ ማርቆስ ተብላ የተሰየመችው በእኒህ ንጉሥ ነው። ከዚህ በኋላ የመጣውን መከራ ለመረዳት ግን ወደ ሱዳን መመልከት ያስፈልጋል።

በሱዳን ማህዲ ነኝ ያለው መሐመድ አሕመድ ተነሥቶ የግብጽን ወታደሮች በየምሽጋቸው ከበባቸው። ግንቦት 1876 ዓ.ም. ሲፈጸም ዓፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር በዐድዋ ተዋዋሉ፤ የተከበቡት ግብጾች በኢትዮጵያ ምድር በኩል እንዲወጡ ፈቀዱ፤ ውላቸውንም ጠበቁ። ዋጋው ግን መራራ ሆነ። ኢጣልያ በእንግሊዝ ፈቃድ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘች፤ ደርቡሾችም ጠላቶቻችንን አስመለጠብን ብለው ቂም ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰሜን ከኢጣልያ፣ በምዕራብ ከደርቡሽ መካከል ቆሙ። ሌላው ሰው ያዳነውን ሰው ውለታ ይጠብቃል፤ እርሳቸው ግን ሁለት ጦርነት ተቀበሉ።

የምዕራቡን በር እንዲጠብቁ የታዘዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. መተማ ላይ ድል አድርገው ነበር፤ በጥር 1880 ዓ.ም. ግን የደርቡሹ አዝማች ሐምዳን አቡ አንጃ በደምቢያ በሳር ውኃ ድል ነሣቸው። የጎጃም ሰው በብዙ አለቀ፤ ከንጉሡ ቤተ ሰብ የተማረኩ ነበሩ። ደርቡሾች ወደ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በዚህ ሰዓት ዓፄ ዮሐንስ በሰሐጢ በኩል ኢጣልያን ይዘው ስለ ነበር ሊደርሱላቸው አልቻሉም። ጎጃም ብቻዬን ተተውሁ ብሎ አዘነ፤ ንጉሡም ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር መከሩ። ይህን ምክር ክህደት ብቻ ብሎ መጥራት አይገባም፤ የቆሰለ ሰው ምክር ነውና።

በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ራስ አርኣያ ሥላሴ በሕመም ሞቱ። ኀዘንና ቍጣ ተደባልቆባቸው በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎጃም ዘመቱ። የዚያን ዘመን ሠራዊት ስንቁን ከመንግሥት አይቀበልም፤ በደረሰበት አገር ከባላገሩ ጎተራና በረት ይበላ ነበር። ስለዚህ ጦር ሳይገጥም እንኳ መስፈሩ ብቻ ጥፋት ነው፤ በቍጣ የመጣ ጦር ሲሆንማ ቤት ይቃጠላል፣ የዘር እህል አይቀርም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ አምባ ወጡ፤ መከራው የወደቀው ግን አምባ በሌለው ገበሬ ላይ ነበር። በተከተሉት ዓመታት የከብት ዕልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሩን ሁሉ ሲመታ ጎጃም አስቀድሞ የተራቈተ ነበር።

ዓፄ ዮሐንስ ከዚህ በኋላ ዓባይን ተሻግረው ሸዋን ሊወጉ ይችሉ ነበር። አልተሻገሩም። ከአቡ አንጃ ጋር ሰላም እንዲሆን ጽፈው ነበር፤ መልሱ ግን ሃይማኖትህን ለውጥ የሚል ሆነ። ያን ጊዜ ከወንድሞቻቸው ጋር የነበረውን ጠብ ወደ ኋላ ትተው ፊታቸውን ወደ መተማ መለሱ። በእኛ አስተያየት የሕይወታቸው ትልቁ ውሳኔ ከጉራ ድል ይልቅ ይህ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት። አቡ አንጃ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሞቶ ዘኪ ጠመል ተተክቶ ነበር። የደርቡሽ ጦር ከተማዋን በእሾህ አጥር አጥሮ ጠበቀ። የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም ወደ እጅ የቀረበ መሰለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላ ሆነው ማዘዝ ሲችሉ ራሳቸው ወደ ውጊያው ገቡ። አስቀድሞ እጃቸውን ተመቱ፤ አልተመለሱም። ሁለተኛው ጥይት ግን ደረታቸውን አገኘው። የመቍሰላቸው ወሬ በተሰማ ጊዜ ሊያሸንፍ የቀረበው ሠራዊት ተፈታ። ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው በማግሥቱ፣ በምኩራብ እሑድ፣ ጌታ ቤተ መቅደሱን ማንጻቱ በሚታሰብበት ቀን ዐረፉ። ከእርሳቸው ወዲህ በጦር ሜዳ የወደቀ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የለም።

ሠራዊቱ ወደየአገሩ ሲበታተን አስከሬኑን ይዘው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ደርቡሾች ተከትለው ደረሱባቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሽማግሌው ራስ አርኣያ ከዚያ አልሸሹም፤ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመው ሲዋጉ ሞቱ። አብረዋቸው የወደቁት ጭፍሮች ስማቸው በአብዛኛው አልተጻፈም። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ፤ አራት ጳጳሳት ላስመጡት ንጉሥ በአገራቸው መቃብር አልተገኘላቸውም።