አቼቶ ያልገደላቸው ተህዋስያን፦ የአንቶኒ ቫን ሊውቨንሁክ ሕይወት

ሐኪም አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም፤ በዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲን እንኳ አያውቅም ነበር። ሆኖም ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ ለዓለም የተናገረው እሱ ነው፤ አንቶኒ ቫን ሊውቨንሁክ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1632 በሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ ነው። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበር፤ አንቶኒ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። ልጁ በ16 ዓመቱ አምስተርዳም ወደሚገኝ የጨርቅ ነጋዴ ተላከና ሥራ ተማረ። ወደ ዴልፍት ተመልሶ ባርባራ የምትባል ሴት አገባ፤ የጨርቅ ሱቅም ከፈተ። ከወለዷቸው አምስት ልጆች ለአካለ መጠን የደረሰችው ማሪያ ብቻ ናት። ባርባራም በ1666 አረፈች።

በ1660 በከተማው ምክር ቤት ተቀጥሮ ነበር። የሥራ መደቡ የባለሥልጣናቱን አዳራሽ መክፈትና መዝጋት፣ ማጽዳት፣ እሳት ማንደድ፣ በዚያ የሰማውንም ለማንም አለመናገር ነበር። በትርፍ ጊዜው ግን ትንንሽ መስታወት እየሞረደ በእጅ የሚያዙ ማይክሮስኮፖች ይሠራል። እስከ ዛሬ ከተረፉት አንዱ ነገሮችን 270 ጊዜ ያህል አጉልቶ ያሳያል።

ከ1673 ጀምሮ ያየውን ሁሉ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በራሱ ቋንቋ በደች ይጽፍ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም እየተተረጎሙ ይታተሙ ነበር። በ1676 በውኃ ውስጥ የሚዋኙ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አየሁ ሲል ብዙዎች ተጠራጠሩት። በማግስቱ ዓመት ሮበርት ሁክ የተባለው ሳይንቲስት በራሱ ማይክሮስኮፕ ደግሞ አያቸው። በ1680 ማኅበሩ አባል አድርጎ ተቀበለው።

በ1683 ከጥርሱ መካከል ነጭ ቆሻሻ ፍቆ በማይክሮስኮፑ ተመለከተ። ጥርሱን በየቀኑ በጨው እያሸ በጨርቅ የሚወለውል ንጹሕ ሰው ነበር፤ ቆሻሻው ግን በተህዋስያን ተሞልቶ አገኘው። ጥርሳቸውን አጽድተው የማያውቁ ሽማግሌዎችንም መረመረ፤ የእነሱ ደግሞ ይብስ ነበር። ከዚያ አቼቶ ሞከረ። ከጥርስ ተፍቆ የወጣውን ቆሻሻ ከአቼቶ ጋር ሲቀላቅለው ተህዋስያኑ ሞቱ። ጥርሱን በአቼቶ ሲታጠብ ግን የሞቱት ላይ ላዩን ያሉት ብቻ ነበሩ፤ አቼቶው ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

ሊውቨንሁክ በ1723 በ90 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ መጻፉን አላቆመም። ማሪያም አባቷ በተናዘዘው መሠረት 26 የብር ማይክሮስኮፖቹን ወደ ለንደን ላከች።

አቼቶው ያልዘለቀው ነገር ዛሬ ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎች ተሰባስበው አንድ ቦታ ላይ ይጣበቁና ራሳቸውን በሚያሙለጨልጭ ልባስ ይሸፍናሉ። ቤት የሚያጸዳ ሰው ያውቀዋል፤ የሳህን ማጠቢያው ቱቦ አፍ ላይ የሚይዘው ዝልግልግ ነገር እሱ ነው። በረኪና ቢፈስበት እንኳ ካልተፈገፈገ ተመልሶ ይመጣል።

በሳንባም እንዲሁ ይሆናል። በ1970ዎቹ የዴንማርኩ ሐኪም ኒልስ ሆይቢ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ባለባቸው ሰዎች አክታና ሳንባ ውስጥ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በእንዲህ ዓይነት ልባስ ተከማችቶ አገኘ። የአየር ቧንቧቸው በቆየ ሕመም ተጎድቶ በሰፋ ሰዎችም ላይ ይታያል። አንቲባዮቲክ ውጭ ያሉትን ሲገድል ውስጥ የተደበቁት ይተርፋሉ። ሕመምተኛው ተሻለኝ ሲል ሳሉና አክታው ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ከመድኃኒቱ ጋር አክታን ከደረት የሚያወጣ የአተነፋፈስና የሳል ልምምድ ያዝዛሉ፤ መፈግፈግ እንደማለት ነው።

እንግዲህ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም እየተሻለ የሚመለስ ከሆነ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አክታ እንዲመረመር ጠይቁ፤ ከዚህ በፊት የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስምና ለስንት ቀን እንደወሰዳችሁት ንገሩ። ለሌላ ሰው የታዘዘ አንቲባዮቲክ ጓደኛም ትስጣችሁ ማዳም፣ አትውሰዱ። ለእናንተ የታዘዘውንም ስለተሻላችሁ ብቻ በራሳችሁ አታቋርጡ።