አሎይስ አልዛይመር፦ መርሳትን ከእርጅና የለዩት ሐኪም

በዕድሜ የገፋ ሰው መርሳት ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ የእርጅና ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ሐኪሞችም ከዚህ ብዙም የተለየ አስተያየት አልነበራቸውም። ይህን አመለካከት ለመለወጥ በር ከከፈቱት አንዱ ጀርመናዊው ሐኪም ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ናቸው።

ዶክተር አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1864 በባቫሪያ ግዛት ማርክትብራይት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በ1887 በሕክምና ተመርቀው በቀጣዩ ዓመት በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ቀን ሕሙማንን ያክማሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ከባልደረባቸው ፍራንዝ ኒስል ጋር የአንጎልን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። በ1894 ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው ግን በ1901 በሞት ተለዩአቸው።

በዚያው በ1901 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ያዩትን ወዲያው ይረሳሉ፤ ቦታና ጊዜ ይጠፋባቸዋል፤ ባለቤታቸውንም ያለ ምክንያት ይጠረጥራሉ። በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል መርሳት በእርጅና የሚመካኝ አልነበረም። ዶክተር አልዛይመር አልጋቸው አጠገብ እየተቀመጡ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ዕቃ እያሳዩ ስሙን እንዲነግሯቸው ያደርጋሉ፤ መልሱንም በዝርዝር ይመዘግባሉ። በ1903 ከፍራንክፈርት ለቅቀው ቆይተው ሙኒክ ከገቡ በኋላም የታማሚዋን ጉዳይ መከታተል አልተዉም።

ወይዘሮዋ በ1906 ሲያርፉ አንጎላቸው ወደ ሙኒክ ተላከ። ዶክተር አልዛይመር በብር ማቅለሚያ አቅልመው ሲመለከቱት አንጎሉ መሟሸሹን፣ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተከማቸ ባዕድ ነገር መኖሩንና በሴሎቹ ውስጥም የተቋጠሩ ክሮች መኖራቸውን አዩ። ግኝታቸውን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ቢያቀርቡም ጥያቄ እንኳ የጠየቀ አልነበረም። በ1910 ግን አለቃቸው ፕሮፌሰር ኤሚል ክሬፕሊን በመማሪያ መጽሐፋቸው በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠሩት። ዶክተር አልዛይመር በ1912 የፕሮፌሰርነት ሹመት ተቀብለው ወደ ብሬስላው ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ። ጤናቸው ሳይመለስ በ1915 በ51 ዓመታቸው አረፉ። ይህም ወይዘሮ ዴተር ሆስፒታል ሲገቡ የነበራቸው ዕድሜ ነው።

ዶክተር አልዛይመር በሽታውን በዓይናቸው ያዩት ታማሚዋ ከሞቱ በኋላ ነው። በ1991 በዚያችው በፍራንክፈርት ሄይኮ ብራክና ኤቫ ብራክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የተቋጠሩት ክሮች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚታዩት ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍልና በአጎራባቹ መሆኑን አሳዩ። ሂፖካምፐስ በግራና በቀኝ በጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ ሲሆን አዲስ ነገር እንድናስታውስ የሚረዳ ነው። በአዋቂ ሰው የአንዱ ወገን መጠን 3 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በጤናማ አረጋውያን በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ በአልዛይመር ታማሚዎች ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ዛሬ ይህን ለውጥ በሕይወት ባለ ሰው ላይ በኤም አር አይ መለካት ይቻላል። ቀድሞ ባለሙያ ምስሉን በእጁ እያሰመረ ረጅም ሰዓት ይወስድበት ነበር። አሁን ግን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሂፖካምፐስን ለይቶ፣ አንዳንዴም በውስጡ ያሉትን ክፍሎች ነጥሎ መጠናቸውን ያሰላል፤ ከጭንቅላቱ ስፋትና ከእኩዮቹ መጠን ጋርም ያነጻጽራል።

ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይነግርም። ድብርት፣ የሚጥል በሽታና የረጅም ጊዜ የአልኮል ሱስም ሂፖካምፐስን ሊያሳንሱ ይችላሉ። መጠኑ ደህና መሆኑም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ምስሉ የሚጠቅመው ሐኪሙ ከታማሚውና ከቤተሰቡ ከሰማው ታሪክ ጋር ሲገናዘብ ነው። ዶክተር አልዛይመርም ማይክሮስኮፑን ከመመልከታቸው በፊት ታማሚዋን አዳምጠዋል።

ስለዚህ ወላጅዎ አንድን ጥያቄ ደጋግመው የሚጠይቁ፣ የለመዱት መንገድ የሚጠፋባቸው ወይም ገንዘብ መቁጠር የሚያስቸግራቸው ከሆነ ኤም አር አይ ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው። የሚረሱትን ነገርና መቼ እንደጀመራቸው ጽፈው ይያዙ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይሂዱ። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርትና አንዳንድ መድኃኒቶች የሚያስከትሉት መርሳት በሕክምና ሊሻሻል ይችላል። የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ በእግር መጓዝ፣ የመስማት ችግርን መታከምና ከሰው ጋር መጨዋወትም አንጎልን ይጠቅማሉ። መርሳቱ የአልዛይመር በሽታ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቀድሞ መታወቁ ታማሚው ስለ ንብረቱና ስለ እንክብካቤው ራሱ የሚወስንበት ጊዜ ይሰጠዋል።