የመጨረሻ ገጹ ያልተገኘ ደራሲ
(የበዓሉ ግርማ ሕይወት በአጭሩ)



ሰሞኑን በወንዶች ማደሪያ ውስጥ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዞር ሰንብቷል። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ ጠርዙ የሻማ ሰም ጠግቧል፤ ቅጠሎቹም እንደ አሮጌ ዳዊት ሳስተዋል። ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሌሊት፥ መብራት በጠፋ ቁጥር ጋቢውን ተከናንቦ በሻማ የሚያነብ አልታጣም። ታዲያ ምን ያደርጋል! የመጨረሻዎቹ አራት ቅጠሎች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይም ሆነ በልብስ ማጠቢያው ዘንድ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። አንዱ ዘበኛው ነው ሲል ሌላው የለም የሟቹ ወንድም ነው ይላል። የፋርጣው ልጅ ከእስቴው፥ የጋይንቱ ከፎገራው ጋር እስኪኳረፍ ድረስ ተከራከረ።

ይኸን ያዩ አንዳንድ መምህራን፥ ዕጩ መምህር የሥነ ትምህርት መጽሐፉን ትቶ በነፍሰ ገዳይ ታሪክ ጊዜውን ማባከኑ አሳዝኗቸዋል። ወቀሳው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። ፈተና ደርሶ እያለ ሌሊቱን ከሌባና ከፖሊስ ጋር ያደረ ሰው፥ ጧት ክፍል ውስጥ ሲያንጎላጅ አይተናል። ይሁን እንጂ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሁሉ የሥራ ፈት መዝናኛ ነው ብሎ መደምደም ትክክል ነው ወይ? ይህን ጥያቄ በደረቅ ክርክር ከመፍታት ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ብንመለከተው ይሻላል። ያም ሰው በዓሉ ግርማ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ምስጢር ፍለጋ ከባሕር ማዶ በመጽሐፍ ተጠርዞ የመጣልን ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፥ የወንጀል ምርመራን በአጭር ልብ ወለድ መልክ በማስያዝ ፈር ቀዳጅ የሚባለው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1841 ነበር። ስኮትላንዳዊው አርተር ኮናን ዶይልም ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1887 ነው። በእኛ ደጋ ግን ልጅ ሁሉ ማታ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጠያየቅ ያደገ ነው፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ ወንጀለኛው ሲሰወር አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። አገሬው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እርሻውንም ቤቱንም ትቶ ይውላል። ያየውን በምስጢር የሚያቀብለው ሰውም ወፍ ተብሎ ይጠራ ነበር። እንግዲህ የልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ፍቅር የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ሰው የተሸሸገ እውነት መኖሩን ካወቀ ዕንቅልፍ አይወስደውም።

በዓሉ ግርማ የተወለደው በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ፥ በኢሉባቡር ሱጴ በምትባል ሥፍራ ነው። አባቱ ከሕንድ አገር የመጣ ነጋዴ፥ እናቱ ደግሞ የዚያው የኢሉባቡር ተወላጅ ነበረች። ልጁ ከአባቱ ጋር አብሮ ለማደግ አልታደለም። ከሱጴ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው ወደሚገቡበት ወደ ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለፈ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ በኋላ አሜሪካ ተሻግሮ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። ከገጠር መጥቶ በትምህርት ብቻ እዚህ የደረሰ ልጅ ነው ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ ከመካከላችን ከስማዳና ከእስቴ በእግሩ መጥቶ እዚህ የደረሰ ስንት አለ!

አገሩ ተመልሶ የያዘው ሙያ ጋዜጠኝነት ነበር። መነን መጽሔትን፥ አዲስ ሪፖርተርን፥ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በተለያዩ ጊዜያት በአዘጋጅነት መርቷል። የጋዜጣ ሥራ ሰዓት አይሰጥም፤ ያልደረሰ ጽሑፍ ያልተጻፈ ያህል ነው። አጭርና ፈጣን የሆነውን የበዓሉን አጻጻፍ ያየ ሰው፥ ይህ ብዕር በማተሚያ ቤት ጥድፊያ የተሳለ መሆኑን ይረዳል። እንደ ቀደሙት ደራስያን ረጅም መግቢያ አያበዛም። አንባቢውን በር ላይ አያስቆምም፤ እጁን ይዞ ቀጥታ ወደ ነገሩ መካከል ያስገባዋል።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ስለ ተማረው የአዲስ አበባ ሰው፥ ስለ ወዳጅነቱ፥ ስለ ፍቅሩና ስለ ቅናቱ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የህሊና ደወል በ1966 ዓ.ም. ወጣ፤ ይህንኑ ታሪክ እንደገና አስፋፍቶ ሐዲስ በሚል ርዕስ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው። እዚህ ላይ ዕጩ መምህራን ልብ በሉ! የሐዲስ ዋና ባለታሪክ መምህር ነው። ደራሲው በተወለደባት በሱጴ ተመድቦ፥ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚታገል ወጣት ነው። ነገ የትም ገጠር ብንመደብ የሚገጥመንን ድካም አስቀድሞ ያየ መጽሐፍ ነውና፥ ያላነበበው ቢያነበው ይጠቀማል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ሥልጣን ላይ ደረሰ። ይህን መሸፋፈን አይገባም። የመንግሥት አፍ በሆነው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. የወጣው የቀይ ኮከብ ጥሪም አብዮቱን ደግፎ የተጻፈ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ደራሲው የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። የዚህ መጽሐፍ ባለታሪክ ሲራክ የደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል መሆኑ በሰፊው ይነገራል። የበዓሉ አንዱ ጠባይ ይኸው ነበር። በዓይኑ ያያቸውን ሰዎች ስማቸውን ለውጦ ወደ መጽሐፍ ያስገባል፤ አንባቢም ይህኛው እገሌ ነው፥ ያኛው እገሌ ነው እያለ እንደ መርማሪ ይመራመራል። መጽሐፉ ካለቀም በኋላ ምርመራው አያልቅም።

የካቲት 1974 ዓ.ም. ሲቃረብ የደርግ መንግሥት በኤርትራ ታላቅ ዘመቻ አወጀ፤ ስሙም ቀይ ኮከብ ነበር። የጦር ኃይሉ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቶች ሹማምንትና ባለሙያዎችም ወደ አሥመራ ተጓዙ። በዓሉ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተመድቦ አብሮ ሄደ። ዘመቻው ናቅፋን ለመያዝ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በተራሮቹ ላይ ብዙ ሰው ከወዲህም ከወዲያም አልቆ ናቅፋ ሳትያዝ ቀረች። በዓሉ ያየውን አየ፤ የሰማውንም ሰማ። አዲስ አበባ ሲመለስ በሻንጣው ይዞት የመጣው ነገር ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርብ ሪፖርት ብቻ አልነበረም።

ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አሥመራ ከተማ አነጋገር የገባ ሲሆን፥ ከእንግዲህማ አበቃ፥ ምን ዋጋ አለው እንደማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው ወደ አሥመራ ይበራል። እዚያም ፊያሜታ ጊላይ ከምትባል ወጣት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። በከተማው ውስጥ ግን የተሸሸገ የስለላ መረብ አለ። ምስጢር ከመንግሥት ጉያ እየወጣ ወደ በረሃ ይደርሳል። ማን ነው የሚያወጣው? አብሮት ቡና የሚጠጣው ሰው ማን ነው? የሚወዳትስ ሴት? አንባቢ ገጽ በገለጠ ቁጥር የሚያምነው ሰው ይቀንሳል። መጨረሻውን እዚህ አንነግራችሁም፤ ያላነበበ ሰው ላይ ግፍ መፈጸም ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የልብ አንጠልጣይ አጻጻፍ ጥቅም የሚታየው። በዚያ ዘመን ስለዚያ ጦርነት በግልጽ ሐተታ መጻፍ የማይታሰብ ነበር። ሐተታ ቢጻፍም ብዙ አንባቢ እስከ መጨረሻው አይዘልቀውም ነበር። የስለላ ታሪክ ግን ሰውን በጉጉት እየሳበ፥ ሊያየው ወዳልፈለገው ሥፍራ ሳይቀር ያደርሰዋል። አንባቢ ሰላዩን አገኛለሁ ብሎ ሲከታተል፥ ሳያስበው ወጣቶች የሚረግፉበት ተራራ ሥር ራሱን ያገኘዋል። ሹማምንቱ አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩትንና በግንባር የሚሆነውን ጎን ለጎን ያያል። ጥያቄው ሰላዩ ማን ነው ከሚለው ተነሥቶ፥ ይህ ሁሉ ሰው የሚያልቀው ለምንድን ነው ወደሚለው ይሻገራል።

ሹማምንቱ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መልካቸውን በመጽሐፉ ውስጥ ያገኙም ነበሩ። ኦሮማይ ገና በወጣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። መጽሐፉ ግን አንዴ ሰው እጅ ገብቷልና መጥፋት አልሆነለትም። ጋዜጣ እየተሸፈነ፥ በልብስ እየተጠቀለለ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይተላለፍ ጀመር። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ማንበቡ ራሱ ልብ የሚያንጠለጥል ሥራ ሆነ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ምሽት በዓሉ ግርማ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ በየደጁ ጠየቁ፤ የረባ መልስ የሰጣቸው አልነበረም። በዘመኑ የጸጥታ ሰዎች እጅ እንደጠፋ በሰፊው ይታመናል። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ እስር ቤቶች ተከፈቱ፤ መዛግብትም ተገለጡ። የበዓሉ አስከሬን ግን አልተገኘም። መቃብሩም አይታወቅም። ሰው ሞቶ አርባው፥ ሙት ዓመቱ ተዝካር በሚወጣበት አገር፥ ቤተሰቡ የት ቆሞ እንደሚያለቅስ ሳያውቅ ከ40 ዓመት በላይ አለፈው።

ይህን ታሪክ ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ መጽሐፉ ጎዶሎ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበር። በልብ ወለድ ውስጥ መርማሪው በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉን ሰብስቦ፥ ገዳዩን በጣቱ ያሳያል። ምናልባት ለእንዲህ ያለው መጽሐፍ ያለን ፍቅር አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በኑሯችን ያላገኘነውን ፍርድ በወረቀት ላይ እናገኘዋለን። በዓሉ ራሱ ግን ያለ መጨረሻ ምዕራፍ ቀረ። መኪናዋ አለች፤ ቀኑ ይታወቃል፤ ምክንያቱም አይጠፋም፤ ፍርዱ ብቻ የለም።

መጽሐፉስ? መጽሐፉማ ከአሳዳጆቹ በላይ ኖረ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በተደጋጋሚ ታትሟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቶ የውጭ አገር አንባብያን እጅ ገብቷል። ዛሬ ማንም ሰው ሳይፈራ ገዝቶ በአደባባይ ሊያነበው ይችላል። ያኔ በድብቅ ያነበቡት ሰዎች ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው መገመት ነው።

ወደ ማደሪያችን ክርክር እንመለስ። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሁሉ ኦሮማይ ነው አንልም። ገለባውም ብዙ ነው፤ ሽጉጥ ከማጮህ በቀር ምንም የማያስተምር ሞልቷል። ጥሩው ግን ለመምህር የሚጠቅም ሁለት ነገር ይዟል። የመጀመሪያው፥ ልጅ መልሱን የሚወደው አስቀድሞ ጥያቄው ሲከነክነው መሆኑን ማሳየቱ ነው። መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ትምህርት የሚጀምር መምህር፥ ገዳዩን በመጀመሪያው ገጽ እንደሚናገር ደራሲ ነው፤ ተማሪው ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም። ሁለተኛው፥ ያለ ማስረጃ ሰው አለመወንጀልን ማስለመዱ ነው። ዘበኛው ነው ብሎ የሚምል ሰው፥ ከየት አወቅህ ሲባል ገጹን ገልጦ ማሳየት ይኖርበታል። ነገ ክፍል ውስጥ እርሳስ ጠፋ ተብሎ ደሃው ልጅ ሲጠረጠር ይህ ልማድ ያስፈልገናል።

መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ወቀሳቸው ጊዜን ስለማክበር ከሆነ እንቀበላለን፤ ሻማውን ከፈተናው በኋላ እናበራዋለን። ስለ መጽሐፉ ዓይነት ከሆነ ግን፥ አንድ ሰው በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ምክንያት ሕይወቱን እንደከፈለ ያስታውሱልን።

በመጨረሻም፥ ከላይ የተጠቀሰውን መጽሐፍ የመጨረሻ አራት ቅጠሎች ያገኘ ወይም ወስዶ የደበቀ ሰው ካለ፥ ለማደሪያው ተጠሪ እንዲመልስ በትሕትና እንጠይቃለን። ማን እንደወሰደ አንጠይቅም። የጠፋ ገጽ ሁሉ የሚመለስ አይደለምና፥ መመለስ የሚቻለውን እንኳ እንመልስ።

ሰላም ሁኑ!