ውኃ የተከለከለው ልጅ

ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ከሳምራዊት ሴት እጅ ውኃ ለመለመን አላፈረም። በህንድ አገር ግን ከአንድ ጕድጓድ አብሮ መቅዳት ለብዙ ዘመናት ለሚሊዮኖች የተከለከለ ነበር። ይህን ቀንበር ለመስበር ዕድሜውን ከሰጡት ሰዎች ዋነኛው ቢምራኦ አምበድካር ነው።

አምበድካር በ1891 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሞው በምትባል የጦር ሠፈር ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ያገለገለ መኰንን ነበር። ነገር ግን ወገናቸው ማሃር፥ የማይነኩ ተብለው ከተናቁት ስለ ነበረ፥ የአባቱ ማዕረግ ልጁን አላዳነውም። በትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ተለይቶ ከቤቱ ባመጣው ጆንያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሲጠማውም የውኃውን ዕቃ መንካት ስላልተፈቀደለት፥ ተላላኪው ካላፈሰሰለት ሳይጠጣ ይውላል። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወንድሙ ጋር ወደ አባቱ ሲጓዝ ወገናቸው ታወቀና ውኃ የሚሰጣቸው አጡ፤ ምግብ ይዘው ሳሉ በጥም ምክንያት ሳይበሉ አደሩ።

ልጁ ግን በትምህርት በረታ። በባሮዳው ንጉሥ ርዳታ በ1913 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፥ ቀጥሎም በሎንዶን ተማረ። በ1917 ንጉሡን ለማገልገል ወደ ባሮዳ ሲመለስ ግን ቤት የሚያከራየው ጠፋ። ስሙን ለውጦ ካረፈበት ማረፊያ ቤት በትር የያዙ ሰዎች አስወጡት፤ ያን ያህል የተማረው ሰው በአትክልት ስፍራ ተቀምጦ አለቀሰ።

በመጋቢት 1927 በማሃድ ከተማ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ፥ ሕግ ለሁሉ ከፈቀደው ኵሬ ውኃ ጠጣ። ባላጋራዎቹ በቍጣ ተነሥተው ደበደቧቸው፤ ኵሬውንም በከብት እበትና ሽንት እናነጻዋለን አሉ። ክርክሩ ዐሥር ዓመት ፈጅቶ በ1937 በፍርድ ቤት ለተናቁት ተፈረደ።

ህንድ ነጻ በወጣች ጊዜ አምበድካር የመጀመሪያው የሕግ ሚኒስትርና የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ ሰውን የማይነካ ብሎ ማራቅን ሻረ። ሆኖም ሕግ እጅን ይይዛል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ በብዙ መንደሮች ንቀቱ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ወገኖች ሆይ፥ ከዚህ የሚከተለው እኛን የሚነካ ነው። አምበድካር በ1935 ሂንዱ ሆኖ እንደማይሞት ካስታወቀ በኋላ የክርስቲያኖችንም ኑሮ መረመረ፤ በእነርሱም መካከል የዘር ልዩነት እንዳለ አየ። የሉተራን ሚስዮን እንኳ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በትራንክባር ምእመናን በየወገናቸው ተለይተው እንዲቀመጡ ታግሦ ነበር። አምበድካር በጥቅምት 1956 በናግፑር በመቶ ሺህ ከሚቈጠሩ ተከታዮቹ ጋር የቡድሃን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም በታኅሣሥ 6 ቀን በዴልሂ ዐረፈ።

በእርሱ ላይ ከመፍረድ ይልቅ በራሳችን እንፍረድ። የተጠማ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲመጣ፥ ወገኑን ሳንጠይቅ በራሳችን ጽዋ የምናጠጣው ነን?