የመዝገበ ቃላቱ ባለዕዳ
የእንግሊዝኛ ቃል ሲከብደኝ ከፍቺው ይልቅ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድማለሁ። ለዚህ ልማድ ካበቁን አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1709 በሊችፊልድ ከመጻሕፍት ነጋዴ ተወለደ፤ ኦክስፎርድ ገብቶ በገንዘብ እጦት አቋረጠ። በ1746 ከለንደን አሳታሚዎች ጋር ተዋዋለ። በየመጽሐፉ ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር እያሰመረ፣ ስድስት ረዳቶቹ ይገለብጡለት ነበር። ሥራው ሳያልቅ በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። በ1755 ከ42 ሺህ በላይ ቃላትና ወደ 114 ሺህ የሚጠጉ ጥቅሶች የያዘው መዝገበ ቃላት ወጣ። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው በዓመቱ በዕዳ መያዙ ያሳዝነኛል፤ ገንዘብ አበድሮ ያስፈታው ደራሲው ሪቻርድሰን ነው። በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብራቸው ወጪ ብሎ በጥድፊያ የጻፈው ልቦለድ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ስለ እኛው አገር ልዑል ስለ ራሴላስ ነው።