ሙዚቃን ወደ ቤት የመለሰው አርኖልድ ዶልሜች

ስለ ሙዚቃ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ በአብዛኛው ስማቸው የሚነሣው ታላላቅ የዜማ ደራሲዎችና በየመድረኩ የተጨበጨበላቸው ባለሙያዎች ናቸው። አርኖልድ ዶልሜች ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። የደረሳቸው ዜማዎች ዛሬ አይታወሱም፤ በቫዮሊን አጨዋወቱም ከዘመኑ ታላላቆች ተርታ የተቆጠረ አልነበረም። ስሙን ያቆየለት ሥራ ሌላ ነው። የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሙዚቃ በቤተ መጻሕፍት ተቆልፎ፣ መሣሪያዎቹም በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ተሰቅለው በነበሩበት ዘመን፣ ይህን ሙዚቃ አውጥቶ ቤተሰቡ፣ ተማሪዎቹና ወዳጆቹ ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱት ሕያው ነገር አደረገው። ሙዚቃ እንጀራው ያልሆነ ሰው ለፍቅሩ ብሎ የሚጫወተውን ከቁም ነገር በመቁጠሩ ብዙ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን ተሳልቀውበታል። የሕይወቱ ታሪክ ግን ሙያውና አማተሩ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚተጋገዙ የሚያሳይ ነው።

ዶልሜች የተወለደው በፈረንሳይ አገር በሌማን ከተማ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1858 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቤተሰቡ ሙያ ፒያኖና ኦርጋን መሥራት ነበርና ገና በልጅነቱ እንጨት መላግና አውታር መወጠር ተማረ፤ የሙዚቃን መሣሪያ ከመጫወት ባሻገር ውስጡን ከፍቶ የማወቅ ልማድም ከዚያ ያደረበት ነው። ኋላም ወደ ብራስልስ ኮንሰርቫቶሪ ሄዶ ከዕውቁ የቫዮሊን ሊቅ ከአንሪ ቪዮታን ዘንድ ተማረ። ኮንሰርቫቶሪው የቆዩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ ስለ ነበረው፣ የጥንቱ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቡን የሳበው በዚያ ነበር። በ1883 ወደ ሎንዶን ተሻግሮ በዚያው ዓመት በተከፈተው የንጉሣዊ ሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ ከ1885 ጀምሮም በደሊች ኮሌጅ ለታዳጊ ወንዶች ልጆች ቫዮሊን ያስተምር ጀመር።

በ1889 ገደማ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የኖታ መጻሕፍትን ሲያገላብጥ፣ ቪዮል ለሚባለው ባለ አውታር መሣሪያ የተጻፉ እጅግ ብዙ ዜማዎች አገኘ። የእነ ዊልያም ሎዝና የጆን ጄንኪንስ ድርሰቶች አቧራ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ወደ ፍጹምነት በሚወስደው መንገድ ላይ እንደ ቀረ ጀማሪ ሥራ ይቆጥሩት ነበር። ዶልሜች ግን ሙዚቃው ጉድለት የለበትም፤ ጉድለቱ በማይስማማው መሣሪያና ባልታሰበለት ስፍራ መሰማቱ ነው የሚል እምነት አደረበት። በቫዮሊንና በፒያኖ፣ ሁለት ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ሲሰማ የሚደክመው ዜማ፣ በተጻፈለት መሣሪያ፣ በአንድ መለስተኛ ክፍል ውስጥ ሲሰማ ነፍስ እንደሚዘራ በጆሮው አረጋገጠ።

ይህን ለመረዳት ሙዚቃው ለማን ተጽፎ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በሬኔሳንስ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ከእራት በኋላ የራሱን ድርሻ ከኖታ አንብቦ ሊዘምር ወይም ሊጫወት ይችላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ቶማስ ሞርሊ በ1597 ያሳተመው የሙዚቃ መማሪያ መጽሐፍ የሚጀምረው፣ በግብዣ ላይ የድርሻ መጽሐፍ ተሰጥቶት መዘመር ባለመቻሉ ያፈረ አንድ ሰው ወደ መምህር ሲመጣ በማሳየት ነው። በዚያው ዓመት የታተመው የጆን ዳውላንድ የመጀመሪያ የዜማ መጽሐፍም፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ከአንድ መጽሐፍ ያነቡ ዘንድ ድርሻዎቹ በተለያየ አቅጣጫ ዞረው የታተሙበት ነው። ባለጸጋ ቤቶች በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጡ፣ ሁለት ትንንሽ፣ ሁለት መካከለኛና ሁለት ትልልቅ ቪዮሎች ያሉበት ጓድ ነበራቸው። የቪዮል አውታር ከአንጀት የሚፈተል ሲሆን፣ በአንገቱ ላይ የታሰሩት ክሮች ለጣት ቦታውን ስለሚያመለክቱ ድምፁን አስተካክሎ ማውጣት ለጀማሪ ከቫዮሊን ይልቅ ይቀላል። ድርሻዎቹም እኩል ናቸው፤ አንዱ ዜማውን ተሸክሞ ሌሎቹ አጃቢ ሆነው የሚቀሩበት አይደለም፤ ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። መሪ በትር ይዞ የሚቆምለት አልነበረም። በአጭሩ ሙዚቃው ከአድማጩ ይልቅ ለተጫዋቹ ደስታ የተጻፈ ነበር።

ዶልሜች ይህን ከተገነዘበ በኋላ ሥራው በአንድ ጊዜ ብዙ ሆነ። መሣሪያዎቹን ከየሱቁ እየፈለገ ገዛ፤ የተሰበረውን ጠገነ፤ የማይገኘውን ራሱ ሠራ። የመጀመሪያውን ሉት በ1893፣ የመጀመሪያውን ክላቪኮርድ በ1894 ሠርቶ ጨረሰ። ኖታውም በገበያ የሚገኝ ስላልነበረ የየድርሻውን ወረቀት በእጁ መገልበጥ ግዴታው ነበር። ከዚያም የሚጫወት ሰው ያስፈልግ ነበርና ልጁ ኤሌን ገና በለጋ ዕድሜዋ ትልቁን ቪዮል ተማረች፤ ተማሪዎቹና ወዳጆቹም እንደየችሎታቸው ድርሻ ተሰጣቸው። በቤቱ የሚደረገው ዝግጅት በሻማ ብርሃን የሚከናወን ነበር። ዶልሜች በየዜማው መካከል ስለ መሣሪያው ለአድማጩ ያስረዳል፤ በሙቀትና በእርጥበት የተፈታውን አውታር ይቃኛል፤ ዜማው ሲበላሽም ያለ ምንም ሐፍረት አስቁሞ እንደገና ያስጀምራል። እንግዳው አዳራሽ እንደ ገባ አድማጭ ሳይሆን በቤት እንደ ተጋበዘ ወዳጅ ይቆጠር ነበር።

ይህ አኳኋን አንዳንዱን ማረከ፤ ሌላውን አስቆጣ። በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ሐያሲ የነበረው በርናርድ ሾ ደጋፊው ሆነ። ደራሲው ጆርጅ ሙር በ1898 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ በእርሱ አምሳል አንድ ገጸ ባሕርይ ቀረጸ። የእጅ ሥራ ክብር እንዲመለስ ይታገል የነበረው ዊልያም ሞሪስ ሃርፕሲኮርድ እንዲሠራ አበረታታውና የመጀመሪያው ሃርፕሲኮርዱ በ1896 ለኪነ ጥበብና ለእደ ጥበብ ኤግዚቢሽን ቀረበ። ሞሪስ በዚያው ዓመት በሞት አልጋው ላይ ሳለ ዶልሜች ቨርጂናል የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ ወደ ቤቱ ወስዶ የጥንት ዜማዎች አሰማው። ብዙ ባለሙያዎች ግን በመድረክ ላይ የሚታየውን ስሕተት፣ የልምምዱን ማነስና በየጊዜው የሚቋረጠውን ዜማ እየጠቀሱ ነቀፉት። ነቀፋቸው ከንቱ አልነበረም። ዶልሜች አዲስ ነገር ለማግኘት ከመቸኮሉ የተነሣ የተገኘውን ደጋግሞ ለማጥራት ትዕግሥት አልነበረውም፤ ቍጡና ግትር ስለ ነበረም ሌላው ሰው የሚሰጠውን እርማት በቀላሉ አይቀበልም ነበር።

ይህ ሁሉ ሥራ ገቢው ጥቂት፣ ወጪው ግን ብዙ ነበርና በ1901 ኪሳራ ታውጆበት ንብረቱን አጣ። ሦስተኛ ሚስቱን ሜብል ጆንስተንን በ1903 ካገባ በኋላ ኑሮውን ወደ አሜሪካ አዞረ። ከ1905 እስከ 1911 በቦስተን የቺከሪንግ ፒያኖ ፋብሪካ የጥንት መሣሪያዎች ክፍል ኀላፊ ሆኖ ሠራ፤ ከዚያም እስከ 1914 በፓሪስ የጋቮ ፋብሪካ ተመሳሳይ ሥራ ያዘ። ጦርነቱ በተነሣበት ዓመት ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በ1915 የ17ኛውንና የ18ኛውን መቶ ዓመት ሙዚቃ አተረጓጐም የሚመለከተውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ የጥንት መምህራን ራሳቸው ስለ ፍጥነት፣ ስለ ጌጥና ስለ አጣጣል የጻፉትን ሰብስቦ ያቀረበ በመሆኑ፣ ሲነቅፉት የነበሩትም ሳይቀሩ ሊያልፉት የማይችሉት ሥራ ሆነ።

በ1917 ቤተሰቡ ከሎንዶን ወጥቶ በሰሪ አውራጃ ባለችው በሄይዝልሚር ከተማ ጄሲስ በሚባል ቤት ሰፈረ። ቤቱ በአንድ ጊዜ መኖሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ የመሣሪያ መሥሪያና የሙዚቃ አዳራሽ ነበር። ሴሲል፣ ናታሊ፣ ሩዶልፍና ካርል የተባሉት አራቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ መሣሪያ ተማሩ፤ የጐደለውን ድርሻ ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ አይታወቅምና። የቤት ውስጥ ጓድ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው። አንዱ ሲታመም ወይም ሲቀር ዜማው እንዳይቆም የሚያደርገው የሌላው ሁለገብነት ብቻ ነው።

በአማተሮች ዘንድ ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው ሥራ ከአንድ መጥፎ አጋጣሚ የተወለደ ነው። በ1905 የገዛው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብሬሳን የተባለ ባለሙያ የሠራው አንድ ሪኮርደር ነበረው፤ ሪኮርደር አፉ እንደ ፉጨት የሆነ የእንጨት ዋሽንት ነው። በ1919 ቤተሰቡ ከዝግጅት ሲመለስ የሰባት ዓመቱ ካርል ዋሽንቱ ያለበትን ከረጢት በዋተርሉ የባቡር ጣቢያ ረስቶት መጣ። ዶልሜች የዋሽንቱን ልክ አስቀድሞ መዝግቦ ነበርና በዚያ ተመርቶ አዲስ ለመሥራት ተነሣ፤ ከብዙ ሙከራም በኋላ ተሳካለት። የጠፋው ዋሽንት ከጊዜ በኋላ በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ተገኝቶ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ ሆኖም በምትኩ መሥራት የተጀመረው አልቆመም። ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው እየተሻገረ ከቀጭን ድምፅ እስከ ወፍራም ያለውን የሪኮርደር ቤተሰብ በሙሉ ሠራ። ሪኮርደር ዋጋው ዝቅተኛ፣ ጅምሩ ቀላል፣ ለመያዝም ምቹ ነው፤ አራት ጎረቤቶች በጥቂት ወራት ልምምድ የሬኔሳንስን ዜማ በአንድነት ሊጫወቱበት ይችላሉ። ቪዮልና ሉት ሊከፍቱት ያልቻሉትን ደጅ ይህ ዋሽንት ከፈተው።

በ1925 የመጀመሪያው የሄይዝልሚር ፌስቲቫል ተከፈተ፤ በ1926 ደግሞ የሪኮርደሩ ቤተሰብ በአንድነት በመድረክ ተሰማ። በፌስቲቫሉ የሚጫወቱት የዶልሜች ልጆች፣ ተማሪዎቹ፣ ሠራተኞቹና ወዳጆቹ ስለ ነበሩ ጥራቱ ከምሽት ወደ ምሽት ይለያይ ነበር። የሎንዶን ሐያስያንም ይህን ሳይጽፉ አላለፉም። አድማጩ ግን በየዓመቱ ተመለሰ፤ ብዙው ሰው ሰምቶ ብቻ የሚሄድ አልነበረምና መሣሪያ አዝዞ፣ ኖታ ገልብጦ፣ በከተማው የራሱን ጓድ ለማቋቋም ይነሣ ነበር። በ1928 ወዳጆቹ በስሙ ፋውንዴሽን አቋቁመው ሥራውን መደገፍ ጀመሩ።

ከዚህ ቤት የወጡት ሰዎች የሥራውን ስፋት ይመሰክራሉ። ሮበርት ዶኒንግተን የቪዮል ተጫዋችና በጥንት ሙዚቃ አተረጓጐም ከታወቁት ምሁራን አንዱ ሆነ። ዳያና ፖልተን የሉትን አጨዋወት ሕይወቷን ሙሉ አስተማረች፤ የዳውላንድንም ታሪክ ጽፋ በ1972 አሳተመች። ሮበርት ጎብል ከወርክሾፑ ወጥቶ የታወቀ ሃርፕሲኮርድ ሠሪ ሆነ። ማርኮ ፓሊስ የተባለው ተራራ ወጪና ጸሐፊ ደግሞ የራሱን የቪዮል ጓድ መሠረተ። የዶልሜች ትምህርት ለስላሳ አልነበረም፤ ቍጣውን መቋቋም አቅቷቸው የራቁትም ነበሩ።

ክብሩ የመጣው በእርጅናው ወራት ነው። በ1937 የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ ወሰነለት፤ በ1938 ፈረንሳይ የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሸለመችው፤ በ1939 የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። በ1937 ልጁ ካርልና ኤድጋር ሃንት ከሌሎች ጋር የሪኮርደር ተጫዋቾችን ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም ባለሙያው፣ መምህሩና አማተሩ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አብረው የሚጫወቱበት ማኅበር ሆነ። ዶልሜች ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1940 በሄይዝልሚር ዐረፈ። ሩዶልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 በባሕር ላይ ሞተ፤ የአባቱን ሥራ ካርል ቀጠለ። ከጦርነቱ በኋላ የዶልሜች ወርክሾፕ ከፕላስቲክ የሠራው ርካሽ ሪኮርደር በየትምህርት ቤቱ ተሠራጨ፤ ናታሊም በ1948 የቪዮል ማኅበርን መሠረተች።

ከ1960ዎቹ ወዲህ የተነሡት ባለሙያዎች በአጨዋወት ጥራት ዶልሜችን እጅግ በልጠውታል፤ የተሳሳተባቸውንም ነጥቦች አርመዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ባለሙያዎች ሲነሡ የተሠራ መሣሪያ፣ የተገለበጠ ኖታ፣ የለመደ ጆሮና የሚማር ተማሪ ተዘጋጅቶ አግኝተዋል። ይህን ካዘጋጁላቸው መካከል ማታ ከሥራ መልስ ቪዮሉን ወይም ዋሽንቱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ቤት የሚሄደው ሰው ይገኝበታል። ያ ሰው ዛሬም ኖታ ይገዛል፤ መሣሪያ ያሠራል፤ ለልጁ መምህር ይቀጥራል፤ በአዳራሹም ተቀምጦ የሚሰማውን በእውነት ይለያል። ዶልሜች የሙያውን ጥራት በሚገባው መጠን አለመጠበቁ ጉድለቱ ነው፤ ሙያው ያለ አማተሩ ሥር እንደማይሰድ ከብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ቀድሞ ማወቁ ደግሞ ውለታው ነው። የእርሱን ጓድ የመሰለ ስብስብ የሚመራ መምህር ሁሉ ጥራቱንና ፍቅሩን አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው እንዴት አብሮ እንደሚያኖር ዛሬም በየልምምዱ ምሽት መወሰን ይኖርበታል።